ውርጩን የት እንዳገኘሁት፦ ከዳቮስ ወደ ሮብ ገበያ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው ሳምንት በስልክ «ተራራው ይናዳል እየተባለ ምን ልትሠራ ትወጣለህ?» ብለው ሲቆጡኝ የሰጠሁዎት መልስ የግድየለሽ መልስ ስለነበር፣ ቅዳሜ ዕለት የሆነውን በዝርዝር ልጽፍልዎ ወደድሁ።

እዚህ ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ያለው የበረዶ ምርምር ተቋም በብርዱ ወራት በየቀኑ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የበረዶ ናዳውን ስጋት ከ1 እስከ 5 በሚደርስ ደረጃ ያሳውቃል። የቅዳሜው 3 ነበር። ሰው 4ንና 5ን ይሸሻል፤ 3ን ግን ይደፍረዋል፤ ብዙ ሰው የሚሞተውም በዚሁ በ3 ነው። ስለዚህ ከጓደኛዬ ጋር በበረዶ ሸርተቴ ከመውረዳችን በፊት ከተዳፋቱ አፋፍ ላይ ጉድጓድ ቆፈርን።

የምንፈልገው እርስዎ የሚያውቁትን ውርጭ ነበር። በኅዳር ሰማዩ ጠርቶ ነፋሱ ጸጥ ሲል፣ ወደ ጮቄ እያዩ «ዛሬ ገብሱን ሊያቃጥለው ነው» ይሉ ነበር። እዚህም እንዲያ ባለ ሌሊት በበረዶው ገጽ ላይ ላባ የመሰለ ውርጭ ይበቅላል። ሲያዩት ያምራል፤ ጉዱ የሚመጣው ሌላ በረዶ ወርዶ ሲቀብረው ነው። ያን ጊዜ የላዩ ንጣፍ፣ በፈሰሰ ጤፍ ላይ እንደተዘረጋ ሰሌን፣ የሚይዘው ያጣል። ተዳፋቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ የአንድ ሰው ክብደት ይበቃዋል፤ ሰው የሚቀበርበትን ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀሰቅሰውም ራሱ ተቀባሪው ወይም ባልንጀራው ነው።

ከበረዶው አንድ ዓምድ ቆርጠን፣ አካፋውን አናቱ ላይ ጋድመን በእጃችን መታነው፤ መጀመሪያ አሥር ጊዜ በአንጓ ብቻ በቀስታ፣ ቀጥሎ ከክርን ጠንከር አድርገን። ከክርን በሁለተኛው ምት የላዩ ስንዝር ተኩል፣ ከምጣድ ወደ ሰፌድ እንደሚሳብ እንጀራ፣ ሸርተት ብሎ ወረደ። ጓደኛዬ ሦስተኛውን አልመታም።

የተቀበረ ሰው መፈለጊያ መሣሪያ፣ ረጅም ዘንግና አካፋ ሁልጊዜ እንይዛለን። ነገር ግን በረዶ የዋጠው ሰው በ15 ደቂቃ ውስጥ ካልወጣ የመትረፍ ዕድሉ ቶሎ ስለሚመነምን፣ እኔ በእነርሱ ተማምኜ አልወርድም። ለጥ ባለው ጀርባ በኩል ተመለስን። ታች ደርሰን ዞር ስንል ሌሎች ሦስት ሰዎች ያንኑ ተዳፋት በሰላም ሲወርዱት አየን፤ እውነቱን ልንገርዎና ቅናት ቢጤ ያዘኝ።

የጉድጓዱን ፎቶ በወንድሜ ስልክ ልኬዋለሁ። ከላይ ስንዝር ተኩል ያህል ዝቅ ብሎ እንደ ክር የቀጠነ ግራጫ መስመር ያያሉ፤ ውርጩ እርሱ ነው።

ልጅዎ