ግሪክ መማር ምን ያደርግልሻል ላሉሽ

ውድ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

ከኮምፒውተር ትምህርትሽ ጎን የጥንት ግሪክ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ መያዝሽን ለዘመድ አወራሁ። አጎትሽ «እና ይኼ እንጀራ ይወጣዋል?» አለኝ። ጥያቄው ነውር የለውም። ሥራ ማግኘት ቀልድ አይደለም፤ ኮምፒውተሩን እንዳትተዪ። ግሪኩንም ግን እንዳትተዪ።

የኛ ሰው ግሪክ ሲነሣ «ሆሜር እኮ ኢትዮጵያውያንን አሞግሷል» ይላል። ልክ ነው፣ አማልክቱን ሳይቀር እነሱ ዘንድ ግብዣ ይሰዳቸዋል። ስለተሞገስን ብቻ ግን መጽሐፍ አይነበብም። «የፈረንጅ ነገር» የሚልሽ ከመጣ ደግሞ፣ ኢዛና ድንጋይ ላይ በግእዝም በግሪክኛም አስጽፏል በይው። የአክሱም ሳንቲም ላይም ግሪክኛ አለ።

የእኔ ምክንያት ሌላ ነው። የጥንቱ የአቴንስ ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ የጻፈው የአንድ ስብሰባ ታሪክ ነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ428 ሌስቦስ ደሴት ላይ ያለችው ሚቲሊኒ በአቴንስ ላይ ሸፈተች። በዓመቱ ተሸንፋ እጇን ሰጠች። አቴናውያን ደማቸው ፈልቶ ነበር። ተሰብስበው፣ ለአቅመ አዳም የደረሰ ወንድ ሁሉ ይገደል፣ ሴትና ሕፃን ለባርነት ይሸጥ ብለው ወሰኑ። ትእዛዙን የያዘች መርከብ ወዲያው ተነሣች።

ሲነጋ ከበዳቸው። ጥፋተኞቹን ብቻ ሳይሆን ከተማውን በሙሉ ልንፈጅ ነው እንዴ ተባባሉ። እንደገና ተሰበሰቡ። ክሊዮን የሚባል ፖለቲከኛ ተነሥቶ የተወሰነ ተወስኗል፣ ርኅራኄ ለገዢ አይበጅም አለ። ዲዮዶተስ የሚባል ሰው መለሰለት። ጥድፊያና ንዴት የመልካም ምክር ጠላቶች ናቸው አለ። የሚገርምሽ፣ አንጀታቸውን ለመብላት አልሞከረም። እጁን የሰጠውንም ካልሰጠው እኩል ከገደልን፣ ነገ የሚያምፅ ከተማ እስከ መጨረሻው ይዋጋናል፤ ግብሩን ከፍርስራሽ ልንሰበስብ ነው? ብሎ በጥቅም ተከራከረ። እጅ ሲወጣ ለጥቂት አሸነፈ።

የፊተኛውን ትእዛዝ የምትሽር ሁለተኛ መርከብ ተላከች። የፊተኛዋ የአንድ ቀንና የአንድ ሌሊት ያህል ቀድማለች። ቀዛፊዎቹ መቅዘፊያቸውን ሳይለቁ በወይንና በዘይት የተለወሰ የገብስ ዱቄት ይበሉ ነበር፤ በሶ በይው። በየተራ ያሸልባሉ። የፊተኞቹ ደግሞ የተላኩበት ጉዳይ አስጠልቷቸው እያዘገሙ ነበር። ሁለተኛዋ የደረሰችው የጦር አዛዡ ትእዛዙን አንብቦ ሊፈጽም ሲል ነው።

ታሪኩን ግን እንዳታሳምሪው። የአመፁ ጠንሳሾች የተባሉት አልተረፉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ416 ደግሞ ያችው አቴንስ ሜሎስ የምትባል ደሴትን ወንዶች ፈጀች፤ ያኔ ሁለተኛ መርከብ የላከ የለም። በዓመቱ ዩሪፒደስ ስለተማረኩት የትሮይ ሴቶች የጻፈውን ተውኔት እዚያው አቴንስ መድረክ ላይ አወጣው። ሜሎስን ያስፈጀው ሕዝብ ተቀምጦ አየ። ምን ተሰምቷቸው ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

እነዚህን ሰዎች ማንበብ ደግ ያደርጋል ብዬ አላታልልሽም። ጆሮ ግን ይሰጣል። ባለፈው የእድር ስብሰባ ላይ አንዱ ጠረጴዛ እየመታ «ተወስኗል፣ ወደ ኋላ የለም!» ሲል፣ ክሊዮን መጣ ብዬ ሳቄን አፍኜ ቀረሁ። ዜና ላይም እሰማዋለሁ፣ ፌስቡክ ላይማ አይጠየቅም። እሱን ለይቶ ማወቅ ብቻ አይበቃም፤ ዲዮዶተስ እንዳደረገው ለተቆጣ ሕዝብ በሚገባው ቋንቋ መመለስን የሚያስተምር ሌላ ትምህርት ቤት እኔ አላውቅም።

ሰዋስው አስለቀሰኝ ብለሽ ቋንቋውን አትዝለዪ። አስተማሪሽን ጠይቂ፣ ደጋግመሽ ጠይቂ።

ክረምት ስትመጪ አጎትሽ ፊት እንከራከራለን። እኔ ዲዮዶተስን እይዛለሁ፤ የክሊዮን ላንቺ ነው። እሱ ይከብዳል፣ ከአሁኑ ተዘጋጂ።

እናትሽ