«ኦቾሎኒ የለበትም፣ ብሉ» - ለከዚራ ጎረቤቶቻችን የምስጋና መልእክት

ይህን የምጽፈው ለድሬዳዋ፣ ለከዚራ ሰዎች ነው። ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነን። በስልክ አመስግኛችኋለሁ። ግን ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ዕንባዬም እየቀደመኝ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁንልኝ። ሌላውም ሰው ይስማልኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ከመነሻው ልንገር። የመጨረሻው ልጄ የተወለደው በሰባት ወሩ ነው። ያን ጊዜ ለቁልቢ ገብርኤል ተሳልኩ። ልጁ አድጎ ስድስት ዓመት ሞላው፣ ስለቴ ግን አንዴ በገንዘብ፣ አንዴ በሥራ እያሳበብኩ ሳላስገባው ቆየሁ። ዘንድሮ ለሐምሌ 19 እንሂድ ብለን ስንነሣ አልጋ ጠፋ። በቁልቢ ሰሞን ድሬዳዋም ሐረርም አልጋ እንዴት እንደሚያስቸግር የሄደበት ያውቀዋል። የተገኘውም ለአምስት ሰው ዋጋው አይቀመስም።

በዚህ መሃል የባለቤቴ የሥራ ባልደረባ የራሱን ጭንቅ አወራን። እናቱ የዓይን ሞራ ግርዶሽ ሊያስወጡ ከድሬዳዋ መምጣት አለባቸው። ለክትትሉ ሁለት ሳምንት ያህል መቆየታቸው ግድ ነው። የምታስታምማቸው እህቱ ከነልጆቿ አብራቸው ትመጣለች። እሱ የሚኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። እኛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ነን፤ አንድ ደረጃ የለውም። «ለምን ቤት አትቀያየሩም?» አለ።

መጀመሪያ ደነገጥኩ። ቤቴን፣ ቁም ሳጥኔን፣ ድስቴን አይቻት ለማላውቅ ሴት? በማግስቱ እህቱ ራሷ ደወለችልኝ። ስለ ቁልፍ፣ ስለ ዕቃ፣ ስለ መብራት ክፍያ ታወራኛለች ብዬ ስጠብቅ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ልጆችሽ ምን ይበላሉ?» የሚል ነበር።

ነገርኳት። የመጨረሻው ልጄ ለውዝ አይስማማውም። ትንሽ እንኳ ከቀመሰ ሰውነቱ ያብጣል። ለአፍታ ዝም አለች። «እኛ ኦቾሎኒ ነው የምንለው» አለችኝ። «እዚህ እኮ ኦቾሎኒ ለሚበቅልበት ለባቢሌ ቅርብ ነን እህቴ። በየቤቱ አለ፣ በየጣፋጩ ይገባል። ቆይ፣ እኔ ዞሬ ጠይቄ እጽፍልሻለሁ።»

ስለ ማድቤቱም ተነጋገርን። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኛ ክርስቲያኖች ነን። ሥጋው የማን እንደሆነ፣ በምን ድስት እንደሚሠራ ለሁለታችንም ቤት ትልቅ ጉዳይ ነው። ሁለታችንም ዝም ብለን ብናልፈው ኖሮ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየተሳቀቅን እንከርም ነበር። በአሥር ደቂቃ ጨረስነው። እኔ እሷ ቤት ሥጋ አልሠራም፤ እሷም እኔ ቤት። የየራሳችንን ድስትና ቢላ ይዘን እንሄዳለን። እኔ ቤቴ ውስጥ የነበረውን መጠጥ ሁሉ ለጎረቤት ሰጥቼ ወጣሁ። እሷ ቤት ደግሞ ስንደርስ ምድጃው ላይ አዲስ የሽሮ ድስት ጠበቀን። ክዳኑ ላይ በወረቀት «ይኼ ሥጋ ነክቶት አያውቅም፣ ለረቡዕና ለዓርብ ይሁናችሁ» ብላ ለጥፋበታለች። የእኔን ጾም እኔ ሳልነግራት አስባልኛለች።

የሄድነው በባቡር ነው። የለቡ ጣቢያ ለጀሞ ሰው ቅርብ ነው። መተሐራን አልፈን፣ አዋሽን ተሻግረን፣ ከሚኤሶ ወዲያ ልጆቹ ሹራባቸውን አውልቀው መስኮቱ ላይ ተለጠፉ። የድሬው ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው። ያ ግን አላስቸገረንም፤ የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ተልኮ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። ይህን ልጅ ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ፍሪጁ ላይ ደብተር ነበር። ባለ 50 ሉክ፣ የተማሪ ደብተር። ውስጡ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ የምግብ ዝርዝር አለ። ከየምግቡ ጎን አረንጓዴ ወይም ቀይ ክብ ተሥሏል። አረንጓዴው ልጄ የሚበላው ነው፣ ቀዩ ኦቾሎኒ የሚገባበት። በአካል የማታውቀኝ ሴት፣ እናቷን ለቀዶ ሕክምና እያዘጋጀች፣ በዚያ ሙቀት ከቀፊራ ገበያ እስከ መጋላ በየሻጩ እየዞረች «ምን ታደርጉበታላችሁ? በምን ዘይት ትጠብሱታላችሁ?» ስትል ከርማለች። ደብተሩን ቆሜ ነው ያነበብኩት። ሻንጣ እንኳ አላወረድንም ነበር።

የመጀመሪያው ገጽ ፈጢራ ነው። «ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት ሂዱ፤ ልጆቹን ፊት ለፊት አስቀምጫቸው፣ ሲሠራ ይዩ» ይላል። አየን። ሰውዬው ትንሽዬ የሊጥ ድቡልቡል ዘይት በተቀባ ጠረጴዛ ላይ ይመታል፣ ያነሣል፣ ያወናጭፈዋል። ሦስት አራት ጊዜ ሲያደርገው ሊጡ ከመሳሳቱ የተነሣ ከሥሩ ጠረጴዛው ይታያል። እንቁላል መሃሉ ላይ ይሰብርበትና እንደ ፖስታ አራት ማዕዘን አጥፎ ምጣዱ ላይ ይጥለዋል። ከዚያ ማር። ልጄ በየቀኑ ካልሄድን አለ፤ በየቀኑ ሄድን።

የግመል ወተት ደግሞ እንዲህ ተጽፎበታል፦ «አፍልታችሁ፣ የመጀመሪያ ቀን ለልጅ ግማሽ ስኒ ብቻ። ላልለመደ ሆድ ያስሮጣል። የጭስ ሽታው ዕቃው ስለሚታጠን ነው፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትደፉት።» እኔ እደፋው ነበር፣ በእውነት። ሩዝ በሙዝ መብላትንም ከዚያ ደብተር ተማርን። ሱማሌዎቹ ጋ ሩዝ ሲቀርብላችሁ ጎኑ ላይ የሚቀመጠው ሙዝ ከምግቡ ጋር እየተቆረሰ የሚበላ ነው። ሙሸበክ የሚባለው ጣፋጭ አረንጓዴ ክብ አለው፣ ሆኖም «ዘይቱን ጠይቂ፣ የኦቾሎኒ ዘይት ከሆነ ይለፋችሁ» የሚል ማስታወሻ አለበት። ሐላዋ ቀይ ነው፣ ሁለት ጊዜ ተሠምሮበታል። የክርስቲያን ሥጋ ቤት የት እንዳለ ሳይቀር ጽፋለች። እሷ ገብታበት አታውቅም፤ ለእኛ ብላ ሰው ጠይቃ ነው።

ከምግብ ውጪ የጻፈችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንዱ «ከስድስት እስከ አሥር ሰዓት ልጅ ይዛችሁ አትውጡ፤ ከተማው ራሱ ይተኛል»። እውነትም ሱቁ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ሰው ጥላ ሥር ይገባል። ሁለተኛው ከተማውን አቋርጦ ስለሚያልፈው ስለ ደቻቱ ወንዝ ነው። «አሸዋው ደረቅ ነው ብላችሁ ልጆቹ እንዳይጫወቱበት። ዝናቡ እዚህ ሳይጥል ከላይ ከደጋው ጎርፉ ይመጣል።» በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው የደቻቱ ጎርፍ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው መፍጀቱን የድሬ ሰው አልረሳውም። እኛም የመጣነው በዚያው ወር ነው።

ቁልቢ ደረስን፣ ስለቴን አስገባሁ። ጃንጥላና ጧፍ ነበር የተሳልኩት። የሕዝቡን ብዛትና የዳገቱን ነገር ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። በሌላ ቀን ደግሞ ሐረር ወጣን፤ ጀጎል ውስጥ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ ጠጣን፣ ማታ ልጆቹ ጅብ ሲበላ አዩ። ደብተሩ ይህንንም ይዞታል።

የምፈራውን የምጽፍበት ቦታ ላይ ደረስኩ። ሐምሌ 21፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሙቀቱ ቤት አላስቀምጥ ብሎን ግቢው ውስጥ ኒሙ ዛፍ ሥር ምንጣፍ አንጥፈን ነበር። የሰፈሩ ልጆች ከልጆቼ ጋር ይጫወታሉ። አንዲት የአራት ዓመት ልጅ፣ ከእሷ ቤት ያለውን ደግ ነገር ልታካፍል ብላ፣ ለልጄ ከኪሷ ብስኩት አውጥታ ሰጠችው። በልቶ ከጨረሰ በኋላ ነው ያየሁት። ከንፈሩ አበጠ። አንገቱና ደረቱ ሽፍ አለ። ከዚያ ማሳል ጀመረ፣ ድምፁም ሰለለ።

ጮህኩ መሰለኝ። ከጎን ያለችው ሲስተር በድሪያዋ፣ በባዶ እግሯ በአጥሩ በር ገባች። ልጁን አንድ ጊዜ አየችውና «ባጃጅ!» ብላ ተጣራች። ያ ጣቢያ የተቀበለን ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በረንዳ ላይ ነበር። ነጠላ ጫማውን ጥሎ ሞተሩን አስነሣ። የመጀመሪያው ክሊኒክ በሩን አልከፈተም። ዘበኛው በቀዳዳው «ሐኪም የለም» አለን። ሲስተር አልተከራከረችም፤ «ዙር!» ብቻ አለችው። ባጃጁ እንዴት እንደዞረ አላውቅም። መንገድ ላይ ልጄን ቀጥ አድርጋ ይዛ፣ ትንፋሹን እየቆጠረች፣ ለምታውቀው ሐኪም እየደወለች ነበር። ሆስፒታሉ ስንደርስ መርፌው ተዘጋጅቶ ጠበቀን። ጭኑ ላይ ወጉት። ከትንሽ ደቂቃ በኋላ «እማዬ፣ ውኃ» አለ።

ሌሊቱን እዚያው አደርን። ሲስተር ጠዋት ሥራ ነበራት፣ ግን ከአጠገቤ አልተነሣችም። ባጃጁም ውጪ ቆሞ አደረ። ሂሳብ ልሰጠው ስል እጄን ወደ ኋላ ገፋው። «አቦ ተይ፣ ልጅ እኮ ነው» አለኝ። በቃ፣ ሌላ ቃል የለም። ወንድሜ፣ እናትህን አግኝቼ ጉልበታቸውን ብስም ደስ ይለኝ ነበር።

ያቺ ትንሽ ልጅ በማግስቱ በእናቷ ቀሚስ ተሸፍና እያለቀሰች መጣች። ማንም አልተቆጣትም። ልጄ ከአልጋው ወርዶ መኪናውን ሰጣት። እናቲቱ፣ አንቺ ይቅርታ የምትጠይቂበት አንድም ምክንያት የለሽም። ልጅሽን እንዲህ ሰጪ አድርገሽ ስላሳደግሻት እኔ ነኝ የማመሰግንሽ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለአዲስ አበባ ዘመዶቼ ስነግራቸው ያጋነንኩ ይመስላቸዋል። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ በየቀኑ ምግብ ተሸፍኖ ይመጣል። ሳምቡሳ፣ እርጎ፣ አንድ ሰሐን ጊሽጣ። የሚያመጣው ሰው ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ ከሰላምታው ቀድሞ «ኦቾሎኒ የለበትም፣ ብሉ» ይላል። ጥግ ላይ ያሉት እናት፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ ይመስለኛል፣ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ቤታቸው የነበረውን ቆሎ ሁሉ ኦቾሎኒ ስላለበት ለሌላ ሰፈር ሰጥተውት ኖሯል። «የኔ ልጅ፣ እናንተ እስክትሄዱ በዚህ ግቢ አይገባም» አሉኝ። እማማ፣ እርስዎ ቆሎ እንደሚወዱ ሰምቻለሁ። ዕድሜዎን ያርዝመው።

አንቺን ምን ብዬ ልጥራሽ እህቴ? ያን ሌሊት እናትሽ ከተሠሩ ገና ሦስተኛ ቀናቸው ነበር። ጀሞ ሆነሽ በየግማሽ ሰዓቱ ትደውይልኝ ነበር። «ደብተሩ ላይ ልጆቹ ኪስ ውስጥ ያለውንም መጻፍ ነበረብኝ» እያልሽ ስታለቅሺ ሰማሁሽ። ይህን ከልብሽ አውጪው። ቀይ ክቦችሽ ባይኖሩ እኔ በመጀመሪያው ቀን ሐላዋ ገዝቼ በገዛ እጄ አጎርሰው ነበር። እናትሽም አንድ ዓይናቸው ተሸፍኖ ሌሊቱን ሙሉ ለልጄ ዱዓ ሲያደርጉ እንዳደሩ ጎረቤቴ ነግራኛለች።

የጀሞ ጎረቤቶቼንም አልረሳም። እንግዶቼን ቡና ስትጠሩ፣ እናትየውን ለክትትል በመኪናችሁ ስታደርሱ፣ ቤቴል ድረስ ወስዳችሁ የሚበሉበትን ቤት ስታሳዩ ከርማችኋል። እኔ የጻፍኩላቸው አንድ ገጽ ብቻ ነበር። የቀረውን እናንተ ሞላችሁት።

ቤቱን እንዳገኘነው አጽድተን፣ ሮቶውን ሞልተን ነው የወጣነው። ደብተሩን ፍሪጁ ላይ መልሰነዋል። ባለቤቴ ያቺ ክሊኒክ ማታ እንደማትከፍት፣ ሲስተር የደወለችለት ሆስፒታል ደግሞ በየት በኩል እንደሚገባ በአረንጓዴ ጽፎበታል፤ ከእኛ በኋላ ልጅ ይዞ ለሚያርፍ ሰው። የመጨረሻው ገጽ ላይ ልጄ ባጃጅ ሥሏል። ነጂው ባዶ እግሩን ነው።

የእናትሽ ሁለተኛ ዓይን ለኅዳር ተቀጥሯል ብለሽኛል። ቁልፉ ጎረቤቴ ጋ ነው፣ ታውቂያታለሽ። ለውዝ የሚባል ነገር ከቤቱ ወጥቷል፤ የአንቺ ልጆች ግን ከፈለጉ ጥግ ላይ ያለው ሱቅ አለ። እኛ ለታኅሣሥ ገብርኤል እንመጣለን። ፈጢራውን ሰውዬ ሰላም በይልኝ፤ ልጄ «ማሩን እንዳይጨርሰው» ብሏል።