ለኮምቦልቻው መሣሪያ ዓይን እንግዛለት

የተከበራችሁ የደሴ፣ የኮምቦልቻና የአካባቢው ነዋሪዎች፣ በሩቅ ያላችሁ የወሎ ልጆች፤

በኮምቦልቻ ያለው የጋራ ቤተ ሙከራችን የሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ መሣሪያ፣ ማለትም በፈሳሽ ውስጥ የተቀላቀሉ ነገሮችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ አለው። ፓምፑ ጤነኛ ነው፤ የጎደለው ዓይኑ ነው። የተገጠመለት የአልትራቫዮሌት ዲቴክተር (የተለየውን ነገር በብርሃን የሚያየው ክፍል) ለካፌይንና ለመድኃኒት ፍተሻ ቢበቃም ለአፍላቶክሲን ደካማ ነው።

አፍላቶክሲን በኦቾሎኒ፣ በበርበሬና በጉድጓድ በሚቀመጥ ማሽላ ላይ የሚበቅል ሻጋታ የሚተወው መርዝ ነው፤ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ላም የሻገተ ፋጉሎ ከበላች መርዙ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል፤ ወተቱን ማፍላትም አያጠፋውም። የአውሮፓ ኅብረት ለምግብነት በተዘጋጀ ኦቾሎኒ ላይ የሚፈቅደው በኪሎ ግራም 4 ማይክሮ ግራም ነው፤ በእኛ ስፍር በ10,000 ኩንታል ውስጥ 4 ግራም መሆኑ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ ይህን በዓይኑ የሚለይ ማን አለ?

ደግነቱ መርዙ ራሱን ያሳብቃል። የ365 ናኖ ሜትር ብርሃን ሲያርፍበት ያበራል፤ ቢ እና ጂ የተባሉት ዓይነቶቹም የተሰየሙት በሰማያዊና በአረንጓዴ ብርሃናቸው የእንግሊዝኛ ስም ነው። ፍሎረሰንስ ዲቴክተር የሚያየው ይህንኑ ነው። ሆኖም ከሁሉ የከፋው ቢ1 ውሃ በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ ብርሃኑ ይደበዝዛል። ስለዚህ ብርሃኑ እንዲጎላ፣ ከኮለሙ (ነገሮቹ ከሚለያዩበት ቱቦ) ወጥቶ ዲቴክተሩ ዘንድ ሳይደርስ፣ በ254 ናኖ ሜትር መብራት ላይ በተጠመጠመ ቀጭን ቱቦ ማለፍ አለበት። የምንለምነው ዲቴክተሩንም መብራቱንም ነው።

ለመሣሪያ የሚሰጥ አይጠፋም፤ መሣሪያው ለሚሠራበት ፈሳሽ ለሜታኖልና አንድ ጊዜ ብቻ ለሚያገለግለው የናሙና ማጥሪያ ኮለም የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። በጭብጨባ ተመርቆ ፕላስቲክ እንደለበሰ የቀረ መሣሪያ አይተናል፤ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ሲሶውን ለፍጆታ የምናስቀምጠው ለዚህ ነው።

እስካሁን ናሙና የምንልከው 370 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ወዳለው አዲስ አበባ ነው። ውጤቱ ሲመጣ እህሉ ተሽጦ አልቋል።

እድሮች፣ ዘይት ጨማቂዎች፣ ወተት አቅራቢዎች፣ የበርበሬ ነጋዴዎች፣ እጃችሁን ዘርጉ። የዋጋ ማቅረቢያውና የባንክ ሂሳቡ በቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል፤ ሂሳቡ በሦስት ሰዎች ፊርማ ይንቀሳቀሳል፤ ለሃምሳ ብርም ደረሰኝ እንቆርጣለን። ሐረጎን መውረድ ለማይመቻችሁ ደሴዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ እንቀመጣለን። ገንዘብ ያጠረው ለመሣሪያው መሞከሪያ የሚሆን አንድ ኪሎ ማሽላ ያምጣልን፤ ሻጋታው በየጥጉ ስለሚሰባሰብ ግን ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከጉድጓዱ ከላይም ከታችም ከጎኑም ይዝገን።