የቅዳሜው የሰመርተን ጉዞ፦ መልስ እስከ ረቡዕ

ሰላም የሻርሎት ወላጆች፣

ቅዳሜ ልጆቹን ይዘን ሳውዝ ካሮላይና፣ ሰመርተን እንሄዳለን፤ የፓስተር ጆሴፍ ዲሌይንን አገር ልናሳያቸው። ለማታውቁት፦ አስተማሪም ፓስተርም ነበር። ነገሩ የጀመረው በአንድ አውቶቡስ ነው። የነጭ ልጆች በአውቶቡስ ሲሄዱ የጥቁር ልጆች ብዙ ማይል በእግራቸው ነበር የሚኳትኑት። አውቶቡስ ስጡን ብለው ጠየቁ፣ እምቢ ተባሉ፤ ከዚያ ዲሌይን ወላጆቹን አስተባብሮ አስፈረመና ጉዳዩ እያደገ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዘር የተለየ ትምህርት ቤት ሕገ ወጥ ነው ካለባቸው አምስት ክሶች አንዱ ሆነ። እሱን ግን ከሥራ አባረሩት፣ ቤቱንም ቤተ ክርስቲያኑንም አቃጠሉበት፤ በመጨረሻ ሸሽቶ ኒው ዮርክ ገባ። ያረፈው ግን እዚሁ ሻርሎት ነው፣ በ1974። እኔ ራሴ ይህን ያወቅሁት ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ ስትነግረኝ ነው፣ አፈርኩ።

የምንነሳው ከጠዋቱ 1 ሰዓት (በዚህ አገር 7) ከተለመደው የሱቁ ፓርኪንግ ነው። እባካችሁ የሀበሻ ቀጠሮ አይሁን፣ መንገዱ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። መጀመሪያ ዲሌይንና ወላጆቹ ስብሰባ ያደርጉበት የነበረውን ሊበርቲ ሂል ቤተ ክርስቲያን ከውጭ እናያለን። ውሃ፣ ኮፍያና ምሳ ያዙ። ቤንዚን እንካፈላለን።

ምሳ በጋራ ይሁን ወይስ እያንዳንዱ ለራሱ? ስንት ሰው እንደሆናችሁና መኪናችሁ ላይ ትርፍ ቦታ ካለ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ ጻፉልኝ።