ለጎንደር ከተማ አስተዳደር ከንቲባ ጽሕፈት ቤት፦ ስለ ጭስና ስለ መርሳት በሽታ የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ከንቲባ፣

እናቴ አዘዞ ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ በማገዶና በኩበት እንጀራ ጋግራ በመሸጥ አሳድጋናለች። ዛሬ ስሜን ብትረሳም ምጣዱ ሰምቶ እንደሆነ ግን ደጋግማ ትጠይቀኛለች፤ ጎረቤቱም «ጃጅተው ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሕመሟን ያመጣው ጭሱ ነው ብዬ አልምልም፤ በአንድ ሰው ላይ ይህን ለይቶ የሚናገር ምርመራ የለምና። የምጽፍልዎ በብዙ ሰዎች ላይ የታየው ነገር የከተማችንም ጉዳይ በመሆኑ ነው።

የመርሳት በሽታን እንዲመረምር «ላንሴት» የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2020 የአየር ብክለትን ልንከላከላቸው ከምንችላቸው አጋላጭ ምክንያቶች ጋር መድቦታል። በ2024 ደግሞ 14 ምክንያቶችን ዘርዝሮ፣ እነርሱን በመቆጣጠር ከበሽታው 45 በመቶ ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ገምቷል። ከዚህ 45 ውስጥ የአየር ብክለት ድርሻ 3 ገደማ ነው። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ሲጋራን ሰው በራሱ ውሳኔ ሊተው ሲችል፣ አየርን ግን መርጦ የሚተነፍስ የለም።

ጉዳቱን የሚያደርሰው በተለይ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠው፣ ከሰው ፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል የሚቀጥነው ብናኝ ነው። ከማገዶ ጭስ፣ ከናፍጣ ተሽከርካሪና ከሚቃጠል ቆሻሻ ይወጣል። በሳንባ በኩል ወደ ደም ገብቶ የደም ሥሮችን ይጎዳል፤ ከፊሉም በማሽተት ነርቭ በኩል ወደ አንጎል እንደሚደርስ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመት አማካዩ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ መክሯል።

ስለዚህ አስቀድሜ የምጠይቀው ልኬት ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በሕዝብ ጤና ትምህርት ከጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በፒያሳ፣ በቅዳሜ ገበያና በአዘዞ መለኪያ ቢተከል፣ ውጤቱም በየወሩ ለነዋሪው በአማርኛ ቢለጠፍ መልካም ነው። ከቤት ውጭ ያለው ብቻ ግን አይበቃም፤ መስኮት የሌላት ማድ ቤት ውስጥ ሙሉ ቀን ስትጋግር የምትውል ሴት የምትተነፍሰው ከአስፋልቱ ዳር ካለው ሊብስ ይችላልና፣ በጥቂት ማድ ቤቶችም ይለካ። እንጀራ ጋግረው ለሚሸጡ እናቶች የኤሌክትሪክ ምጣድ በረጅም ጊዜ ብድር ቢቀርብ (መብራቱ በመጋገሪያው ሰዓት እንዳይጠፋባቸው ጭምር)፣ ኤሌክትሪክ ላልደረሳቸው ደግሞ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ቢሠራላቸው፣ «ጭስ ይጎዳችኋል» ከሚል ምክር ይልቅ ይጠቅማቸዋል። ምሽት ላይ በየሰፈሩ የሚቃጠለውን ፕላስቲክ ማስቀረት ግን በጀት ሳይጠብቅ ነገ የሚጀመር ነው።

የመጀመሪያው መለኪያ መቼና የት እንደሚተከል ለነዋሪው በይፋ ያሳውቁን ዘንድ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የአዘዞ ነዋሪ