የተፈጥሮ ጥበቃ ክበብ፦ ከኒሙ ማዶ የተነጠፈው ነጭ ጨርቅ

በድሬዳዋ ኒም ያለበት ግቢ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ፍሬው ሲበስል በረንዳው በየጠዋቱ ይቆሽሻል፣ ጥፋቱም በሌሊት ወፎች ይላከካል። ክበቡ የዓመቱን ሥራ የጀመረው ያንን ቆሻሻ በመለየት ነው። አብዛኛው ኩስ አልነበረም። ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ፍሬውን በምላሷ ከላንቃዋ አጣብቃ ትጨምቅና ገለባውን ትተፋዋለች። ትፋቱ ሲደርቅ ጠፍጣፋ እንክብል ይሆናል፤ በማጉያ መነጽር ሲታይ የላንቃዋ መስመሮች እንደ ማኅተም ታትመውበት ይገኛሉ።

የሌሊት ወፎች የሚጥሉትን ለመቁጠር 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆኑ 4 ነጭ ጨርቆች ተሰፉ። መጀመሪያ ከኒሙ ሥር መነጠፋቸው ስሕተት ነበር፤ በራሱ የሚረግፈው ፍሬ የሌሊት ወፏ ከጣለችው ጋር ተደባለቀ። የሌሊት ወፍ ደግሞ ፍሬውን ቀጥፋ ብዙውን ጊዜ ሌላ ዛፍ ላይ ሄዳ ነው የምትበላው። ጨርቆቹ ወደ ማዶው ዛፍ ሲዛወሩ ነገሩ ጠራ። ማታ 12 ሰዓት ተነጥፈው ንጋት 12 ሰዓት ላይ መነሣት አለባቸው፤ ከዘገየ የቀን ወፎች ኩስ ይቀላቀላል፣ ጉንዳንም ዘሩን ይወስዳል።

የኒም ዘር ትልቅ ስለሆነ አይዋጥም፤ ሥጋው ተገፎ ራቁቱን ይወድቃል። የሾላ ዘር ግን ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም ስለማይበልጥ ይዋጥና ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ሳይሞላ፣ የሌሊት ወፏ በበረራ ላይ ሳለች ከኩሷ ጋር ይወጣል። ሾላ ማንም ሳይተክለው ከግንብ ስንጥቅ ብቅ የሚለው በእሷና በቀን ወፎች ነው።

አዘራሩም ይለያያል። የኒም ዘር ቶሎ ስለሚሞት በ2 ሳምንት ውስጥ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ገብቶ መዘራት አለበት፤ አፈሩ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። የሾላው ግን ብርሃን ስለሚፈልግ ላዩ ላይ ይበተናል እንጂ አፈር አይለብስም። የመጀመሪያው ሳህን የከሸፈው ከላይ ውኃ ሲጠጣ ዘሩ ታጥቦ ጥግ ላይ ስለተከመረ ነው። ሥሩ የተበሳ ሳህን ውኃ ባለበት ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጥ ከታች ይጠጣል።

ክበቡ ስለ የሌሊት ወፍ ያዘጋጀው የግድግዳ ጽሑፍ አማርኛን ጨምሮ በሦስት ቋንቋ ወጥቷል፤ በኦሮምኛ «ሲምቢራ ሀልካኒ»፣ የሌሊት ወፍ ማለት ነው፤ በሶማሊኛ «ፊድሜር»፣ በምሽት የሚዞር። የመጀመሪያው ረቂቅ «ሾላንና ማንጎን የምታዳቅለው የሌሊት ወፍ ናት» ይል ስለነበር ተመልሷል፤ ማዳቀል ማለት የአበባ ዱቄትን ከአበባ ወደ አበባ ማድረስ ነው። ሾላን የሚያዳቅሉት ጥቃቅን ተርቦች፣ ማንጎን ደግሞ በዋናነት ዝንቦች ናቸው። የሌሊት ወፍ የምታዳቅለው አበባ በማታ የሚፈካ፣ ፈዛዛ ቀለም ያለውና ጠንካራ ሽታ ያለው ነው፤ ባኦባብ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ዋሻ እንሂድ ያላችሁ ልጆች ቅር እንዳላችሁ እናውቃለን። ዋሻ ውስጥ የሚኖረው የግብፅ ፍሬ በል የሌሊት ወፍ ሰው የሚገድለው የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚ ስለሆነ አይታሰብም። ጨርቁም የሚነሣው በጓንትና በጭንብል ብቻ ነው። መሬት ላይ የወደቀች የሌሊት ወፍ የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት ስለሚችል በእጅ አትነካም፤ የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ማንጎ ላይ ነው። ፍሬን በመረብ መሸፈን ይቻላል፤ ነገር ግን ቀዳዳው ትንሽ ጣት የሚያስገባ ወይም መረቡ የላላ ከሆነ የሌሊት ወፏ ተጠላልፋ ትሞታለች። ስለዚህ ቀዳዳው ከ5 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ በክፈፍ ላይ የተወጠረ ነጭ መረብ ያስፈልገናል። ያላችሁ ወላጆች እስከ ሐምሌ ድረስ ለክበቡ ብታሳውቁን ደስ ይለናል።