በከዚራ ሊገነባ ስለታሰበው ሕንፃና ስለሚያስከትለው የትራፊክ ጭንቅንቅ

ለድሬዳዋ አስተዳደር የግንባታ ፈቃድና የመንገድ ትራፊክ ጉዳይ ለሚመለከታቸው ኃላፊዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በከዚራ፣ በአንድ የውስጥ መንገድ ግራና ቀኝ የምንኖር ጎረቤታሞች ነን። በመንገዳችን ጥግ ባለው ባዶ ግቢ ላይ ከታች ሱቆች፣ ከላይ አፓርታማ ያለው ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ ሊገነባ እንደታሰበ፣ የተሽከርካሪ መግቢያና መውጫውም ግቢው ከሚያዋስነው ዋና መንገድ ይልቅ በእኛ በኩል እንደሚከፈት ሰምተናል። ሕንፃው አይሠራ አላልንም፤ የቤት ችግርን ልጆቻችንን በኪራይ ቤት የዳርን እኛ እናውቀዋለን። ያሳሰበን የመግቢያው ነገር ነው።

ከዚራ በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬዳዋ ሲገባ የተቀየሰ ሰፈር ነው። መንገዶቹ ቀጥ ያሉ፣ ዳር ዳሩም የዛፍ ጥላ ያለው ስለሆነ ለእግረኛ ተስማሚ ናቸው፤ የዛሬውን የመኪና ብዛት ግን በዚያ ዘመን ማን ሊያስብ ይችል ነበር? በእኛ መንገድ ግራና ቀኝ መኪና ከቆመ፣ ፊት ለፊት ከተገናኙ ሁለት ባጃጆች አንዱ ወደ ኋላ መመለስ ግድ ይሆንበታል።

የትራፊክ ጥናት ይደረጋል ከተባለ፣ የድሬ ሰው አዋዋል ከሌላው ከተማ እንደሚለይ አይዘነጋ። ፀሐዩ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ሠራተኛው ለምሳ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ደግሞ ሁሉም ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ መንገዳችን በቀን ሁለት ጊዜ ሳይሆን አራት ጊዜ ይጨናነቃል፤ ጠዋትና ማታ ብቻ ቆጥሮ የሚሄድ ባለሙያ ግማሹን ሳያየው ይቀራል። (የጫት መኪኖች ጥድፊያ የሚብሰውም በቀትር መሆኑን ማስታወስ ያስፈልግ ይሆን?)

ከሁሉ የሚያስፈራን የተማሪዎች መውጫ ሰዓት ነው። 6 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቹ ሲለቀቁ ፀሐዩን ሸሽተው በአንደኛው ዳር፣ በሁለቱ ትልልቅ ዛፎች ሥር ያልፋሉ። ባጃጅ ነጂዎችም ሰው የሚጠብቁት እዚያው ጥላ ላይ ተደርድረው ስለሆነ፣ ቦርሳቸው ከጀርባቸው የሰፋ ሕፃናት ባጃጆቹን ዞረው ለማለፍ ወደ መሃል አስፋልት ይወጣሉ። እስካሁን የጠበቃቸው በዚህ መንገድ የሚያልፈው መኪና ጥቂት መሆኑ ነው። የሕንፃው መግቢያ ይከፈትበታል የተባለው ቦታ ደግሞ ልክ እነዚያ ዛፎች የቆሙበት ነው።

ከተማችንን የሚያቋርጠውን የደቻቱን ወንዝ ነገርም ሳናነሳ አናልፍም። የ1998ቱን የክረምት ጎርፍ ያየ የድሬ ነዋሪ፣ ከላይ ከተራራው ሲዘንብ ደረቁ አሸዋ በአንድ ጊዜ ወንዝ እንደሚሆን ያውቃል። ያኔ ከወንዙ ማዶ ወዳለው የመጋላ ሰፈር የሚሻገረው ሁሉ ወደ ድልድይ ስለሚሰበሰብ ሰልፉ እስከ እኛ መንገድ ይደርሳል። በዚያ ላይ የሕንፃው መኪና ሲጨመር አምቡላንስ በየት በኩል ይገባል?

የምንጠይቀው ይህን ነው፦ መግቢያው በዋናው መንገድ በኩል ይሁን፤ ለሱቅ ደንበኞችም ሆነ ለነዋሪዎች የሚበቃ የመኪና ማቆሚያ በሕንፃው ሥር መኖሩ ከፈቃዱ በፊት ይረጋገጥ፤ አሸዋና ሲሚንቶ የሚጭኑ ከባድ መኪኖች ተማሪ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት በመንገዳችን አይለፉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ስለሚሰጠው፣ ፈቃዱ ከመፈረሙ በፊት ፕላኑ ለእኛም እንዲታየን እንጠይቃለን።

መንገዱን የሚያጠናው ባለሙያ በማንኛውም የትምህርት ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ቢመጣ፣ ከዛፎቹ ሥር ወንበርና ቀዝቃዛ ውኃ አዘጋጅተን እንጠብቀዋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የመንገዱ ነዋሪዎች
ከዚራ፣ ድሬዳዋ